መርዘኛውና የመልካው ገዳይ

አንድ መርዘኛ ነበረ፤ ሚስቶቹን በገዛ እጁ እያጎረሰ የሚገድል።

ከእሱ ልጀምርልህ፤ አንተም የጠየቅከኝ እንደ እሱ ስላለ ሰው ነው። «እማሆይ፣ ድሮ በለንደን ከተማ ሴቶችን በቢላ የገደለ አንድ ሰው ሳይያዝ ቀረ። ኋላ ደግሞ ሚስቶቹን በመርዝ የጨረሰ ሰው ተይዞ ተሰቀለ። ያ የቢላው ገዳይ ይኼ መርዘኛ ሊሆን ይችላል?» አልከኝ። እኔ ለንደንን ከየት አውቄው! አንተስ ብትሆን ሻይህን ሳትነካ እግርህን የምታወዛውዘው ለለንደን ብለህ ነው? መርማሪ ነህ። ያሰርከው መርዘኛ አለ፤ ያልተያዘ የቢላ ገዳይም አለብህ። አለቆችህ ሁለቱን አንድ አድርገህ ነገ እንድትዘጋላቸው ይፈልጋሉ። ፊደል ያስቆጠርኩህ እኔ ነኝ፤ ፊትህን ማንበብ አያቅተኝም። ቅድም በሩ ላይ ስለተቆጣሁህም አትቀየመኝ፤ እሱንም እነግርሃለሁ። በል አሁን እግርህን አሳርፍና ስማ።

ሰውየው ከሌላ አገር መጥቶ ከወንዙ ማዶ፣ ገበያው አጠገብ ጠጅ ቤት የከፈተ ነው። አንደበቱ ለስላሳ፣ ልብሱ ንጹሕ፣ ሲስቅ እንኳ አፉን በጋቢው የሚሸፍን። አገባ፤ ሚስቱ ታመመች። ሞተችና ሌላ አገባ፤ እሷም ታመመች። ሆዳቸውን ይቆርጣቸዋል፣ ያስመልሳቸዋል፣ ከቀን ወደ ቀን ይመነምናሉ። እሱ አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብሎ ያጎርሳቸዋል፣ ላባቸውን ይጠርጋል፣ ሲቀበሩም ደረቱን ይደቃል። የሰፈሩ ሴቶች «ባል ማለት እንዲህ ነው!» እያሉ የየራሳቸውን ባል ይሰድቡበት ነበር። ሦስተኛዋ ስትታመም ግን ወንድሟ ሊጠይቃት መጥቶ ከትሪዋ የተረፈውን ለውሻ ጣለው። ውሻው ሳያድር ሞተ። የሰውየው ቤት ሲፈተሽ የተፈጨ መርዝ በቀንድ ተደብቆ ተገኘ። የሚከራከርለት አልነበረም፤ እሱም አልተከራከረም።

በዚያው አገር፣ በዚያው ዘመን ሌላም መከራ ነበር። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች መልካው ላይ፣ ወንዙን ሲሻገሩ፣ መንገዱ ጭር ባለ ሰዓት ሞተው ይገኙ ነበር። ሁሉም ከኋላ በቢላ የተወጉ ናቸው። ከያዙት ጨው አንድ አሞሌ አልተነካም። ገዳዩን ያየው ሰው የለም። የመጨረሻዋ ሟች የአንዲት ጥጥ ፈታይ መበለት ትልቋ ልጅ ነበረች። ለመበለቲቱ ከእንግዲህ የቀረቻት አንዲት ትንሽ ሴት ልጅ ናት። ልጅቷ ውሃ የምትቀዳው ከዚያው መልካ ነው፤ ፈትል ይዛ ገበያ የምትወርደውም በዚያው መንገድ ነው፤ ሌላ መንገድ የለም። እንግዲህ የእናትየዋ ጭንቅ ይኼ ነው። ትልቋ ሞታለች፤ ትንሿን የት ታድርጋት?

አንተ አልደረስክበትም እንጂ በእኛ ጊዜ አውጫጭኝ የሚባል ነገር ነበር። ሰው ሞቶ ገዳዩ ሲጠፋ የአገሩ ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰብና «አውጡ» ይባላል። ገዳዩ እስኪወጣ ድረስ እርሻም የለም፣ ገበያም የለም። ያየ ሰው ቢኖር በአደባባይ መናገር ይፈራል፤ ቂም አለ፣ ደም መቃባት አለ። ስለዚህ ለተመረጡት ሽማግሌዎች በጆሯቸው ይነግራል። እንዲህ ያለው ሰው «ወፍ» ይባላል። ሽማግሌው ተነስቶ «ወፍ እንዲህ አለ» ይላል እንጂ ወፉ ማን እንደሆነ ቢገድሉት አያወጣም። ከዚያ የሟች ወገን «ተቀብያለሁ» ሲል ሕዝቡ ተፈትቶ ወደየቤቱ ይሄዳል።

ለመልካው ደም አውጫጭኝ ተጠራ። ጊዜው ጤፉ ለአጨዳ የደረሰበት ነው፤ ደመናው ደግሞ ያለ ወቅቱ ያንዣብባል። ሰው ፀሐይ ላይ ተቀምጦ አንድ ዓይኑን ሽማግሌዎቹ ላይ፣ አንድ ዓይኑን ማሳው ላይ አድርጓል። ይውላሉ፣ ሲመሽ ይበተናሉ፣ በማግስቱ እንደገና ይጠራሉ። የሚናገር ጠፋ። ጎረቤት ጎረቤቱን በጎን ማየት ጀመረ። ሚስት ባሏን «ያን ቀን የት ነበር ያመሸኸው?» ትለው ጀመር። አብረው የበሉ ሰዎች አብረው መንገድ መሄድ ፈሩ። እንዲህ ተጨንቀው እያሉ ነው መርዘኛው ተያዘ የተባለው። እፎይ!

ብዙም ሳይቆይ ወፉ ተናገረ። ዋናው ሽማግሌ ብድግ አለና «ወፍ እንዲህ አለ፤ የመልካው ገዳይም ያው መርዘኛው ነው» አለ።

እንደው ዝም ብሎ የተወረወረ ቃል እንዳይመስልህ። ያስኬዳል እኮ! ሰውየው ወደዚያ አገር የመጣው ግድያው በጀመረበት ዓመት ነው። ጠጅ ቤቱን ሳይከፍት በዋግምት የሰው ደም እያወጣ ይኖር ስለነበር ስለት ከእጁ አይለይም ነበር። የገደለው ሴቶችን ነው፤ በመልካውም የሞቱት ሴቶች ናቸው። ከታሰረ ወዲህ ደግሞ መልካው ላይ የሞተ የለም። ከበስተኋላ የተቀመጠ አንድ ገበሬ ብቻ «የሚስቱ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ ቀስ እያለ የሚያጎርስ ሰውና የማያውቃትን ሴት ወግቶ የሚሮጥ ሰው እንዴት አንድ ይሆናሉ?» አለ። «ዝም በል እባክህ! ነፍሰ ገዳይ ነፍሰ ገዳይ ነው» አሉት። እሱም የደረሰ ጤፍ ነበረው፤ ዝም አለ።

ዋናው ነገር ግን ይኼም አይደለም። መርዘኛውን መጥራት ማንንም አያስቀይምም። ሰውየው መሰቀሉ አይቀርም፤ ዘመድ የለው፣ ቂም የሚወርስለት ልጅ የለው። ወፍ የሚባለው የተፈለገው የፈራ ሰው እውነቱን እንዲናገር ነበር። ያን ቀን ግን ማንም የማይፈራውን ሰው ለመጥራት ዋለ።

ሽማግሌው ወደ መበለቲቱ ዞረ። «እህቴ፣ ደመኛሽ ተገኝቷል። ‹ተቀብያለሁ› በይና አገሩ ይፈታ» አላት።

እሷም ማለት ፈልጋ ነበር። ይኼን ልብ በል፤ ከዚያ ሁሉ ሰው አብልጣ የፈለገችው እሷ ናት። ልጇን ውሃ ልካ፣ ደጅ ደጁን ሳታይ ጥጧን መፍተል ናፍቋታል። ቃሉ ከአፏ ሊወጣ ደርሶ ተመለሰባት። «ወፉ አየሁ አለ ወይስ መሰለኝ አለ?» ብላ ጠየቀች። «የወፍ ቃል አይመረመርም» አሏት። «እንግዲያው ሰውየውን አምጡልኝና እሱኑ ልጠይቀው» አለች።

በሰንሰለት ታስሮ መጣ። ያን ሁሉ ሕዝብ ሲያይ ደስ አለው፤ አዎ፣ ደስ አለው! ጠጅ ሲቀዳለት የኖረ ሰው ሁሉ አሁን ፈርቶት ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ጣመው። «በመልካው ሴቶቹን የገደልካቸው አንተ ነህ?» አለው ሽማግሌው። «እኔ ነኝ» አለ። «ሁሉንም?» «አዎ፣ ሁሉንም።» ሕዝቡ ጉም ጉም አለ። አንዳንዱ ከአሁኑ ጋቢውን ማጣፋት፣ ማጭዱን መፈለግ ጀመረ።

መበለቲቱ ጠጋ አለችው። ትንሿ ልጅ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ አብራት አለች። «የእኔ ልጅ ቀይ ጥለት ያለው ቀሚስ የለበሰችው ናት» አለችው። «ስትይዛት ምን አለችህ?»

ሰውየው ትንሽ አሰብ አደረገ። ከዚያ ድምፁን እንደ ልጃገረድ አቅጥኖ «‹ስለ እናቴ ብለህ ማረኝ› አለችኝ» አላት።

እናትየዋ ወደ ሕዝቡ ዞረች። «ልጄ ዲዳ ነበረች» አለች። «ከተወለደች ጀምሮ አንዲት ቃል ከአፏ ወጥታ አታውቅም። ጎረቤቶቼ፣ ታውቃላችሁ። እንኳን ይኼን ልትለምን፣ እኔንም እናቴ ብላኝ አታውቅም።»

ጎረቤቶቿ በደንብ ያውቁ ነበር። አንዱ እግሩን አየ፤ ሌላው ደመናውን አየ። «እውነቷን ነው» ያለ አንድም ሰው አልተገኘም። ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠረገና «መርዘኛ እኮ ሐሰተኛም ነው። ገድሏትም ሊዋሽ ይችላል» አለ።

ይችላል! እሱም እውነት ነው። «ይችላል ስትሉኝ ዋላችሁ፤ አደረገ የሚለኝ ግን የለም» አለች መበለቲቱ። «ይኼን ሰው በሚስቶቹ ደም ስቀሉት፤ ይገባዋል። የልጄ ገዳይ ግን አሁን ከመካከላችሁ ተቀምጦ እየሰማኝ ቢሆንስ? አልተቀበልኩም።»

ወጉ ቢጠበቅ ኖሮ ሁሉም ባለበት ይቀመጥ ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን ተጠቃቀሱና «ምስኪን፣ ሐዘን ልቧን ነክቷታል፤ ስለ እሷ እኛ ተቀብለናል» አሉ። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት ተደርጎ አያውቅም። ሕዝቡ እየተጋፋ ወደ ማሳው ሮጠ። መርዘኛው ተሰቀለ። የመጨረሻዋ ከሞተች ወዲህ መልካውን ሲጠብቁ የነበሩት ሰዎችም ለአጨዳ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ በመልካው የሞተች ሴት የለችም። «አላልንም?» አሉ። እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ገዳዩ ነገሩ በሌላ ሰው ላይ ሲያልቅለት ቢላውን ሰቅሎ፣ ጤፉን አጭዶ፣ ልጆቹን ድሮ፣ የሰው ለቅሶ እየደረሰ ኖሮ ይሆናል። ማን ያውቃል፣ ወፉ እሱ ራሱ ቢሆንስ? አይታወቅም። ሊታወቅ የሚችልበት ሜዳ ያን ቀን ተበትኗል።

እናትየዋ ልጇን ይዛ ወደ ቤቷ ስታዘግም አንድ ጎረቤት ደረሰባት። ደግ ሰው ነበር። «አሁንማ ሰላም ነው፤ ከኋላችሁ ሆኜ ላሻግራችሁ» አላት። እሷ የልጇን እጅ ጭምቅ አድርጋ ከመንገዱ ወጣችና ቆመች። «እርስዎ ይቅደሙ» አለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሰው ሁሉ እንዲሁ አለች፤ ለዘመዶቿም፣ ለንስሐ አባቷም፣ ልጇን ሊያጭ ለመጣው ወጣትም። ልጇንም ይህንኑ አስተማረቻት።

እንግዲህ ልጄ፣ የለንደኑም መርዘኛ፣ ያንተም መርዘኛ እንደዚያ ሰው ናቸው። ሊሆን ይችላል ወይ ላልከኝ፣ ይችላል። ለዚህማ እኔ ድረስ መድከም አላስፈለገህም ነበር። ግን ሰውየው ያው የሚቀጣ ነው፤ የቢላውን ደም ብትጨምርበት ምን ይጎድልበታል? የሚጎድልባት ሌላ ናት። የእነዚያ የሞቱት ሴቶች እህት አለች፣ ልጅ አለች። «ገዳዩ ተገኝቷል፤ ከእንግዲህ እንደ ልብሽ ግቢ፣ ውጪ» የምትላት አንተ ነህ። አንተ እንደዚያ አገር ሰው ጤፍህን ታስገባለህ፤ መንገዱን የምትሄደው እሷ ናት። ስለዚህ ነገ ሰውየህ «እኔ ነኝ» ሲልህ ደስ አይበልህ። አንተም እንደ መበለቲቱ ዲዳዋ ምን እንዳለችው ጠይቀው። መልሱ ካልገጠመ ለአለቆችህ «አላውቅም» በላቸው። «አላውቅም» ብሎ ፀሐይ ላይ መቀመጥ ያንገበግባል፤ ቢያንገበግብህም ተቀመጥ።

በል ተነስ፣ መኪናው እንዳያመልጥህ። እስከ በሩ ልሸኝህ። ኧረ ተው፣ ደግመህ «እማሆይ ይቅደሙ» አትበለኝ! ቅድምም የተቆጣሁህ በዚህ ነው። አክብረኸኝ እንደሆነ አጥቼው አይደለም። ያቺ የእናቷን ነጠላ ጫፍ የያዘችው ልጅ እኔ ነኝ። ይኸው አርጅቼ፣ መንኩሼ እንኳ፣ ያስተማርኩት ልጅም ቢሆን ሰው ከኋላዬ ሲሄድ አልችልም።

አንተ ቅደም።