አልዞርም ያለው ቁልፍ

ውዳሴ፣ ለምንድነው ስልክ የማታነሺው? እሺ፣ በድምፅ ልላክልሽ። በማርያም! የዛሬውን ጉድ ተረት ነው ብትይኝም አልፈርድብሽም።

አባትሽ ምን ነበር ያሉት? "ሽማግሌ የሚልክ ከሆነ በሦስት ሰዓት ይምጡ። ካለፈ እኔም ቤት አልኖርም፣ ነገሩም አይኖርም።" እኔም ሽማግሌዎቼን በጊዜ አሮጌዋ መኪናዬ ውስጥ ከተትኳቸው። ጋሽ ውብሸት ከፊት፣ መሪጌታ ልሳነወርቅና ሼህ ይመር ከኋላ፣ ጋቢያቸው በመስኮት እስኪወጣ ድረስ ተጠቅጥቀው። ቁልፉን ሰካሁ። "ዙር" አልኩት። አልዞርም አለ! ጣት የማታክል ብረት እኮ ናት! አንዴ ብቻ ዙርልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም አልኩት።

"መሪው ይዞኛል" አለ ቁልፉ። መሪውን ባወዛውዘው ንቅንቅ የለም። "ልቀቀዋ!" አልኩት። "ጎማው ወጥሮኝ ምን ላድርግ?" አለኝ መሪው። እንግዲህ መሪው ቁልፉን አይለቅ፣ ቁልፉ አይዞር።

ወረድኩና ጎማውን በእርግጫ አልኩት። የተጎዳው የኔ እግር ነው! "ድንጋዩ ይዞኛል" አይለኝም? የኛን ሰፈር ቁልቁለት ታውቂዋለሽ። የእጅ ፍሬኗ ከሞተ ቆይቷል፣ ሳቆማት ከፊት ጎማዋ ሥር ድንጋይ አስደግፋለሁ። ደሴ ውስጥ የማያስደግፍ ማን አለ? እና ድንጋዩ ጎማውን አይለቅ፣ ጎማው መሪውን አይለቅ፣ መሪው ቁልፉን አይለቅ፣ ቁልፉ አይዞር።

ድንጋዩን በሁለት እጄ ጎተትኩት። "መኪናዋ ተጭናኝ የት ልሂድልህ?" አለ። መኪናዋ ከድንጋዩ አትነሳ፣ ድንጋዩ ጎማውን አይለቅ፣ ጎማው መሪውን አይለቅ፣ መሪው ቁልፉን አይለቅ፣ ቁልፉ አይዞር።

"አንቺ አሮጊት፣ ተነሽ!" ብዬ ጮህኩባት። "ሦስት ሽማግሌ ጭነህብኝ በምን አቅሜ?" አለች። እውነቷን ነው። "አባቶቼ፣ ለአንድ ደቂቃ ውረዱልኝ" አልኩ።

ጋሽ ውብሸት ዕድሜ ልካቸውን ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው። "ልክ ነህ፣ ክብደታችን ነው። ብንወርድ ይዞር ነበር" አሉኝ።

"ታዲያ ውረዱልኛ!"

"አንወርድም።"

"ምን?!"

"ለልጅ ጥየቃ የተነሳ ሽማግሌ መንገድ ላይ ወርዶ ያውቃል?" አሉ መሪጌታ። "ገዱ ይበላሻል።"

"አንተ ዝም ብለህ ንዳ" አሉኝ ሼህ ይመር።

በምን ልንዳ? በምላሴ? ለኔው ብለው እኔን ሊገድሉኝ! ሽማግሌዎቹ ከመኪናዋ አይወርዱ፣ መኪናዋ ከድንጋዩ አትነሳ፣ ድንጋዩ ጎማውን አይለቅ፣ ጎማው መሪውን አይለቅ፣ መሪው ቁልፉን አይለቅ፣ ቁልፉ አይዞር። ሦስት ሰዓት ደግሞ አለፈ!

ተመልሼ ገብቼ ቁልፉን እየታገልኩ ቀና ስል፣ ውዳሴ፣ ደርቄ ቀረሁ። ከላይ በኩል ካፖርታቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን እየመቱ፣ ቁልቁለቱን የሚወርዱት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? አባትሽ! ሰዓቱ ሲያልፍ ቤቱን ጥለው መውጣታቸው ነው። ፊታቸውን ብታዪው! አለቀልኝ አልኩ።

ሽማግሌዎቼም አዩዋቸው። የሚለመን ሰው በእግሩ ሲያልፍ ለማኙ ተቀምጦ ያያል? ገዱም ተረሳ፣ ምኑም ተረሳ፣ ሦስቱም በሦስት በር ዱብ ዱብ!

ሽማግሌዎቹ ከመኪናዋ ወረዱ፣ መኪናዋ ከድንጋዩ ተነሳች፣ ድንጋዩ ጎማውን ለቀቀ፣ ጎማው መሪውን ለቀቀ፣ መሪው ቁልፉን ለቀቀ፣ ቁልፉ ቀጭ! ዞረ! ሞተሩ ተነሳ! እኔ ነኝ የጮህኩት፣ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ።

"ምንድነው ይሄ?" አሉ አባትሽ።

"አቶ ጌጤነህ፣ ልመና ይዘን ወደ እርስዎ ስንመጣ ነው" አሉ መሪጌታ። "እዚሁ ቆመን እንለምንዎታለን። ተቀመጡ ካላሉን አንቀመጥም።"

"ጉልበታችንንም ይዩልን" አሉ ሼህ ይመር።

አባትሽ ሦስቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መኪናዋን አዩ። "በዚህች ነው የምትመጡት?"

"ከጠዋት ጀምሮ እየመጣን ነው" አሉ ጋሽ ውብሸት።

ሳቁ! አባትሽ ሲስቁ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ደነገጥኩ። "በሉ ግቡ፣ ተቀመጡ። ቤት ሄደን እንነጋገራለን" አሉ። ተቀመጡ ብለዋል፣ ውዳሴ! ሰማሽኝ? ተቀመጡ! ጋሽ ውብሸትን ወደ ኋላ ልከው ከፊት ራሳቸው ገቡ። እኔ ይሄን ልነግርሽ ከመኪናዋ ወረድ ብያለሁ።

ቆይ፣ ክላክሱን ትሰሚያለሽ? እሳቸው ናቸው። "አንተ ልጅ፣ ልጄን የምትፈልጋት ከሆነ ና ንዳ!" እያሉኝ ነው።

መጣሁ፣ መጣሁ አባባ!