ጓሮው ከነቀሚሱ

እንዲህ ሆነልሽ፣ እንዳልኩሽ ጻፊው። አንዲት አፏ የማያርፍ ሴት ጓሮዋን ቆፍራ፣ አመድና ፍግ አብልታ፣ ጎመንና ቃሪያ አሳመረችበት። ልጆቿ ጠገቡ። የተረፈውን ገበያ እያወጣች ጨውና ጋዟን የማንንም እጅ ሳታይ መግዛት ጀመረች።

የአገሩ ሹም ቀኛዝማች ድልነሳ ይሄን ሲሰሙ እንቅልፍ አጡ። ትልቅ ሰው ናቸዋ! የሴት ጎመን ካላሳሰባቸው ምን ያሳስባቸው?

አምና ባሏ ጎመኑን ሲኮተኩትላት አይተው፣ ሸንጎ ላይ "ከእንግዲህ ጎመን የነካ ወንድ ቀሚስ ለብሶ ገበያ ይዙር!" ብለው የፈረዱ እሳቸው ናቸው። ባልየው ከዚያ ወዲህ ጓሮውን በሩቁ ነው የሚያየው።

ዘንድሮ ደግሞ ሎሌዎቻቸውን አስከትለው ደጇ ላይ ቆሙ።

"ስሚ አንቺ! ሴት ገበያ ስታውቅ ቤት ይፈርሳል። ጓሮውን ዛሬውኑ ለወንድ አስረክቢ። ባልሽ ከፈራ እኔው እረከበዋለሁ!"

ጓሮው ከሄደ የልጆቿ እራትም አብሮ መሄዱ ነው። ሴትዮዋ ግን እጅ ነሳች፣ ቤት ገባችና ቀሚሷን ይዛ ወጣች።

"እሺ ጌታዬ። በራስዎ ፍርድ ጓሮው የሚረከበው ከነቀሚሱ ነው፤ ይኸው።"

ሎሌዎቹ ሳቃቸውን በጋቢያቸው አፈኑ። ቀኛዝማች ቀሚሱን አዩት፣ ቦርጫቸውን አዩት።

"ወገቡ ይጠበኛል ብለው አይስጉ ጌታዬ" አለቻቸው፤ "እርስዎ የተከሉት ጎመን እስኪደርስ ይከሳሉ።"