የቦሎቄው ቅጠልና የቆመው አየር

አንድ ቦሎቄ የሚዘራ ሰው ነበረ። ትርንጎ፣ «የሰፈሩ ሐሜት እኔን ሲያቆስለኝ እህቴን ምንም አላላት፤ ከእንግዲህ ልቤን ለሰው ልዝጋ ወይ?» ብለሽ ስለጠየቅሽኝ ነው ይህን ሰው የማነሣልሽ።

ሰውየው ዘሩን የተረከበው ከእናቱ ነው፤ በሠላሳ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ዘር ገዝቶ አያውቅም። ማሳው ከመስኖው ቦይ ራስ ላይ ስለሆነ ውሃ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነበር። ያን ጊዜ ከወንዙ ማዶ ከተማ የሚባል አልነበረም። ጠዋት ጠዋት በዚያ ስናልፍ እርጥቡ ቅጠል ይሸተን ነበር፤ አሁንም ሳስበው ሆዴ ይባባል።

በኋላ ከተማው መጣ፤ መኪናውና የፋብሪካው ጭስም ተከተለ። ነፋስ በሌለበት የሐሩር ቀን ፀሐይ ያንን ጭስ ዓይን ወደማያየው መርዝ ትለውጠዋለች፤ የተማሩት ኦዞን ይሉታል። የሰውየው ቦሎቄ ነሐስማ ነጠብጣብ አወጣ፤ ቅጠሉም ይረግፍ ጀመር። እሱ ግን ውሃ ጠምቶት ነው ብሎ፣ በቦዩ ጫፍ የምታርስ አንዲት መበለት የውሃ ተራዋን እንድትሰጠው ለመናት። ሰጠችው። ባጠጣ ቁጥር ባሰበት። የእሷ ቦሎቄ ግን ውሃ ተጠምቶ፣ ፍሬው ቀጥኖ፣ ቅጠሉ ንጹሕ ነበር።

ሰውየው የእናቱ ዘር በእጁ ላይ ሊጠፋ መሆኑን ሲያይ ወደ አንዲት የግብርና ባለሙያ ሄደ። እሷም ቅጠል ትንንሽ ቀዳዳዎች እንዳሉት፣ ውሃ ሲጠግብ ከፍቷቸው እንደሚተነፍስ፣ ሲጠማው እንደሚዘጋቸው አስረዳችው። «ያንተ ቦሎቄ የተጎዳው ደልቶት ስለተከፈተ ነው፤ የአየሩ መርዝ በዚያው ገባበት» አለችው።

በማግስቱ አየሩ ቆመ፤ ሐሩሩም ጀመረ። የውሃው ተራ የእሱ ነበር። ሰውየው በገዛ እጁ ቦዩን በጭቃ ደፈነው። ጎረቤቶቹ ለየለት ብለው ሳቁበት። ነፋስ በተነሣ ዕለት ቦዩን ከፈተ፤ ለመበለቲቱም ተራዋን መለሰላት። መከሩ እንደ ድሮው አልሆነም፤ ለዘር የሚበቃ ግን ተረፈው።

ትርንጎ ልጄ፣ ልብሽ ያ ቅጠል ነው። የቆሰልሽው ለሰው ክፍት ስለሆንሽ ነው። ቅጠሉ መርዝ የሚያስገባበት ቀዳዳ ተንፍሶ በሕይወት የሚኖርበትም ቀዳዳ ነው። እህትሽማ አልቆሰለችም፤ ደጇን የሚያንኳኳ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። ሐሜቱ ሲግል ቤትሽ ተቀመጪ፤ ነፋሱ ሲነሣ ውጪ። ቅጠል ቀኑን ሙሉ ሳይፈራ ተከፍቶ በሚውልበት አየር እኔ ኖሬያለሁ፤ ይናፍቀኛል። አንቺ ግን የተወለድሽው በዚህኛው አየር ነው፤ ማፍራትም ያለብሽ በዚሁ ነው።