የሊቀመንበሩ ውሎ

በወረርሽኙ ሰሞን ነው አሉ። የቀበሌው ሊቀመንበር ነዋሪውን ሰብስበው፣ «ይህን መተግበሪያ ስልኩ ላይ ያልጫነ ከቢሮዬ ፊርማ አያገኝም! የት እንደዋላችሁ፣ ከማን ጋር እንደነበራችሁ ይነግረናል» ብለው አስጠነቀቁ።

ለመታወቂያ እድሳት እግሯ እስኪቀጥን የተመላለሰች አንዲት በርበሬ ነጋዴ፣ «ደግሞ ውሏችንንም?» ብላ ስታጉረመርም ሰሟት።

«አንቺ! ምን ያስፈራሻል? ንጹሕ ሰው የዋለበትን አይደብቅም!»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

«እውነትዎን ነው፣ ክቡር ሊቀመንበር። እንግዲያው ከእርስዎ ስልክ ይጀመርልን። ስምንት ወር ሙሉ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ‹ስብሰባ ላይ ናቸው› እባላለሁ። ስብሰባው የት እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደሆነ እስቲ እኛም እንወቀው።»

ሊቀመንበሩ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱና፣ «ስብሰባ አለብኝ» ብለው ወጡ።