የእድሩ ተቆጣጣሪና የልቅሶው ድንኳን

ምእመናን፣ አንድ ሰው ነበረ። ከቤቱ ተነሥቶ ወደ ልቅሶ ቤት ይሄዳል። የሰፈሩ እድር የኮሚቴዎችን ውሳኔ እንዲመረምር ተቆጣጣሪ አድርጎ መርጦታል። ሹመቱን ምን ያህል እንደ ወደደው ብትጠይቁኝ፣ ከተመረጠ ወዲህ አረማመዱ እንኳ ተለውጦ ነበር።

ሲደርስ የእድሩ ድንኳን ተካዮች፣ ጋሽ ይርዳውና ባልደረቦቻቸው፣ ድንኳኑን ተክለው ላባቸውን ይጠርጋሉ። ያለ ክፍያ፣ ለነፍሳቸው ብለው የሚያገለግሉ ሰዎች ናቸው።

«በሩን ወደ መንገድ ያዞረው ማን ነው?» አለ።

«እኛ ነና» አሉ ጋሽ ይርዳው። «ከቀብር የሚመለሰው ሰው የሚመጣው በዚያ ነው።»

«በየትኛው ስብሰባ ተወሰነ?»

«ልጄ፣ ካስማ እየመታን ነው የወሰንነው።»

ለእርሱ ይህም ውሳኔ ነው፤ ውሳኔ ደግሞ ይመረመራል። ድንኳኑ ወረደ። በሩ ወደ ጓሮ ዞሮ ተተከለ። ተቆጣጣሪው ራቅ ብሎ ሲያየው ምሰሶው አላማረውም፤ እንደገና ወረደ። ሰማዩ ሲጠቁር እርሱ ስለ ገመዱ ያወያይ ነበር። ዝናቡና ለቀስተኛው እኩል ደረሱ። ድንኳኑ መሬት ላይ ተዘርግቷል።

ባላቸውን ቀብረው የተመለሱት እትዬ ባፈና ቆመው አዩት።

«እኔ ባሌን ቀብሬ መጣሁ» አሉ። «እናንተ ደግሞ ድንኳኑን ቀበራችሁት?»

ሰውየው አፈረ። «ከእንግዲህ አፌን አልከፍትም» አለ ለራሱ። በማግስቱ ድንኳኑ ሲተከል ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ዝናቡ ቀጠለ። ቀና ሲል ሸራው ከእትዬ ባፈና ፍራሽ በላይ ውሃ ቋጥሮ፣ እንደ እርጉዝ ላም ሆድ ተንዘርጥጦ አየ። ልናገር? ጣልቃ ገባ ይሉኛል። ዝም ልበል? ሥራው የእነርሱ ነው። ይህን ሲያወጣና ሲያወርድ አንዱ ገመድ ላላ። ያ ሁሉ ውሃ ማን ላይ እንደ ወረደ ልንገራችሁ?

እትዬ ባፈና ነጠላቸውን እየጨመቁ፣ «አይተህ ነበር?» አሉት።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ትናንት የቆመውን አፈረስክ። ዛሬ የሚፈርሰውን እያየህ ዝም አልክ። የመረጥንህ እኮ ዓይን አለህ ብለን ነው።»

ያን ጊዜ ተነሥቶ ወደ ድንኳን ተካዮቹ ሄደ። «ጋሽ ይርዳው፣ በዚያኛው ጥግም ውሃ እየቋጠረ ነው። ምን ይሻላል?»

ጋሽ ይርዳው አዩ። ካስማውን ነቅለው ራቅ አድርገው መቱት፤ ገመዱን ወጠሩ፤ ውሃው በውጭ ወረደ። ሰውየው እጁን አላስገባም። ውሃው እስኪያልቅ ግን ከዚያ አልተንቀሳቀሰም።

«እንዲህ ተቆጣጠረን» አሉት። «እኛም አንቀየም፣ እትዬም ከዚህ በላይ በውሃ አይራሱ።»

እናንተስ? በሰበካ ጉባኤው፣ በሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ በማኅበሩ የሌላውን ሥራ እንድትመረምሩ አደራ የተቀበላችሁ፣ የወንድማችሁን ሥራ የምታፈርሱት ስለ ተበላሸ ነው ወይስ እናንተ ስላልሠራችሁት? ዝም የምትሉትስ ስለምታምኑት ነው ወይስ ነገ እንዳትጠየቁ? እግዚአብሔር ለወንድማችሁ የሚሠራ እጅ፣ ለእናንተ የሚያይ ዓይን ሰጣችሁ። እጁን አትቀሙት፤ ዓይናችሁንም አትጨፍኑ።

ዛሬ ከጸሎት በኋላ የንግሥ በዓሉን ምግብ የሚያዘጋጁት እኅቶቻችን ዕቅዳቸውን ያቀርቡላችኋል። ለሕዝቡ የማይበቃ ከመሰላችሁ ዝም አትበሉ፤ ጠይቋቸው። ሽንኩርቱ እንዴት ይከተፍ ብላችሁ ግን ሌላ ጉባኤ አትጥሩ። ሕዝቡ ከሩቅ መንገድ፣ እህል ሳይቀምስ ነው የሚመጣው።