የእናቷን ድምፅ የለቀመው ጭራቅ

ልጆች፣ ተጠጉ። ፈሪ መሀል ይግባ፣ ደፋር ዳር ይቀመጥ። እኔ ላውራ፣ እናንተ ስሙ፤ የሰማችሁትን ደግሞ ለታናሾቻችሁ አውሩላቸው።

በድሮ በድሮ ዘመን፣ ላም ሲቸግራት አፍ አውጥታ በምትናገርበት ጊዜ፣ ጉም ከማይለየው ተራራ ላይ አንዲት ትንሽ ቤት ነበረች። በቤቷ ውስጥ ደብሪቱ የምትባል የዐሥር ዓመት ልጅ፣ ሽታው የሚባል የሦስት ዓመት ወንድሟና አባታቸው ይኖሩ ነበር። ብዙ ከብት አልነበራቸውም። አንዲት ግንባረ ነጭ ላም፣ ስሟ ቦራ። አንዲት ያረጀች አህያ፣ ስሟ እንኮዬ። አንዲት አንካሳ በግ፣ ስሟ ጥጢት። በቃ።

ሦስቱንም ያሳደገቻቸው የልጆቹ እናት ይመኙሻል ነበረች። ጥጢትን ሰው ለጅብ ጥሏት ሲሄድ ታቅፋ ያመጣቻት እሷ ናት። እንኮዬን ጌታዋ "ከእንግዲህ ምን ልትሸከም" ብሎ ሲያባርራት የተቀበለቻት እሷ ናት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆማ በየስማቸው ትጠራቸዋለች፤ ድምፅዋን ሲሰሙ እየተግተለተሉ ይመጣሉ።

ታዲያ የክረምቱ ዝናብ በጀመረ በሳምንቱ ይመኙሻል ታመመች። ደረቅ ሳል ሳለች፣ ሳለች፣ ሞተች።

ከተቀበረች በኋላ አባትየው ዝም አለ። ስሟንም አይጠራ፣ ሞቷንም አያወራ። ትንሹ ሽታው ግን "እማዬስ?" ይላል።

"ውሃ ልትቀዳ ወርዳለች" ትለዋለች ደብሪቱ።

"መቼ ትመጣለች?"

"ዝናቡ ሲያባራ።"

ዝናቡ ግን አላባራም።

አባት ማለዳ ማለዳ ጎርፍ የናደውን ካብ ሊክብ ወደ ማሳው ሲወርድ፣ የእንስሳቱ ነገር በደብሪቱ ላይ ወደቀ። ከቤቱ ጥግ ካለው ጋጣ እርጥቡን እበት ዝቃ ታወጣለች፣ ደረቅ ጭድ ታነጥፋለች። የቦራን አተላ ለብ አድርጋ ትሰጣለች። ከእንኮዬ ሰኮና ጭቃውን በእንጨት ትፈለፍላለች። ጥጢት ስትንቀጠቀጥ ጎንዋን በጭድ ታሻታለች። እጇ በብርድ ይሰነጣጠቃል። ይህን ሁሉ ስታደርግ አታለቅስም። ካለቀሰች ሽታው ያውቃላ!

አንድ ቀን፣ በቀትር፣ ጉሙ ደጁን ሸፍኖት ሳለ፣ ከበሩ ውጪ ድምፅ መጣ።

"ደብሪቱ ልጄ፣ ደብሪቱ ዓይኔ፣
ዝናቡ ወረደ በራሴ በጎኔ፣
ክፈቺልኝ በሩን፣ በረደኝ እኔ!"

የእናቷ ድምፅ ነው! ራሱ ነው፤ ያው ልስላሴው፣ ያው "ልጄ" ሲል መጨረሻው ላይ የሚሰበረው። ደብሪቱ የያዘችው ሰፌድ ከእጇ ወደቀ። እናቷ ስትቀበር በዓይኗ አይታለች። እግሯ ግን ሮጠ፣ እጇ መወርወሪያውን ሳበው፣ በሩ ተከፈተ።

ጭራቅ!

ቁመቱ የዋንዛ ዛፍ ያክላል። ጥርሱ ዶማ ዶማ ያህላል። ሆዱ ጎተራ ነው፣ ጠጉሩ ከጉሙ ጋር ተቋጥሯል። ረጅም እጁን ወደ ቤት ሰደደ፣ ጥጢትን በአንካሳ እግሯ አንጠለጠለ፣ አፉን ከፈተ፣ ዋጥ! ከዚያ ጉሙ ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

አባቷ ሲመጣ "በጓስ?" አለ።

"ገደል ገባች" አለች ደብሪቱ፣ መሬት መሬት እያየች። 

በማግስቱም በቀትር፣ ጉሙ ደጁን ሸፍኖት ሳለ፣ ድምፁ መጣ።

"ደብሪቱ ልጄ፣ ደብሪቱ ዓይኔ፣
ዝናቡ ወረደ በራሴ በጎኔ፣
ክፈቺልኝ በሩን፣ በረደኝ እኔ!"

"አውቄሃለሁ፣ ጭራቅ ነህ!" አለች ደብሪቱ።

"ነኝ" አለ ጭራቁ። "ድምፁ ግን የእናትሽ ነው። አልናፈቀሽም?"

ደብሪቱ በሩ ላይ ጆሮዋን ለጠፈች። ናፍቋታል። እንዴት አይናፍቃት! "አንድ ጊዜ ብቻ በደንብ ልስማው" አለችና መወርወሪያውን ጣት የምታስገባ ያህል ብቻ ፈቀቅ አደረገችው። ለጭራቅ ጥፍር ደግሞ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ትበቃዋለች። በሩ ተበረገደ፤ ረጅሙ እጅ ገባ፤ እንኮዬን በጆሮዋ አንጠለጠለ፣ አፉን ከፈተ፣ ዋጥ!

አባቷ ሲመጣ "አህያዋስ?" አለ።

"ገደል ገባች።"

አባቷ አያት። ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ አህያዋን ፍለጋ ገደል ለመውረድ ዱላውን አነሳ፤ በማግስቱም ገና ከማለዳው እንደገና ሊፈልጋት ወረደ።

ያን ቀን ደብሪቱ ጋጣው ውስጥ ገብታ የቦራን አንገት አቀፈች። "አሁን የቀረሽው አንቺ ነሽ። ዛሬ አንቺን ይበላሻል። ድምፁን ስሰማ እጄ አይታዘዝልኝም" አለቻት።

ቦራ ማመንዠኳን አቆመች። አፍ አውጥታም እንዲህ አለች፦

"ልጄ፣ ዛሬ የሚመጣው ለእኔ አይደለም፣ ለሽታው ነው። እናትሽ በየቀኑ ከአፋፉ ላይ ቆማ ስትጠራን፣ እሱ ከአፋፉ ሥር ካለው ዋሻ ውስጥ ተቀምጦ ድምፅዋን ይለቅም ነበር። ከዚያ ድምፅ ሌላ ጉልበት የለውም። ዓይን ዓይኑን እያየሽ 'እናቴ ሞታለች' በይው። ሦስት ጊዜ በይው። ድምፁ ይለቀዋል፣ እሱም ባዶ ስልቻ ይሆናል።"

"ድምፁስ? ከለቀቀው በኋላ ወዴት ይሄዳል?"

ቦራ የደብሪቱን የተሰነጣጠቀ እጅ ላሰች። "ይሄዳል፣ ልጄ። ከዚያ ወዲያ አትሰሚውም።"

ይህን ብላ ወደ ማመንዠኳ ተመለሰች፤ ከዚያ በኋላም ተናግራ አታውቅም።

በቀትር፣ ጉሙ ደጁን ሸፍኖት ሳለ፣ ድምፁ መጣ።

"ደብሪቱ ልጄ፣ ሽታው ዓይኔ፣
ዝናቡ ወረደ በራሴ በጎኔ፣
ክፈቱልኝ በሩን፣ በረደኝ እኔ!"

"እማዬ!" ሽታው ከመደቡ ዘሎ ወረደ። "እማዬ መጣች! ውሃውን ቀድታ መጣች!" እየሮጠ ወደ በሩ ሄደ።

ደብሪቱ በአንድ እጇ ወንድሟን ከኋላዋ ያዘች። በሌላው መወርወሪያውን ሳበች። በሩ ተከፈተ። ጭራቁ ጎንበስ ብሎ ፊቱን አስገባ፤ ትንፋሹ ዋሻ ዋሻ ይላል። ረጅሙ እጅ ወደ ሽታው ተዘረጋ።

ደብሪቱ ቀና አለች። ዓይን ዓይኑን አየችው። አፏን ከፈተች፣ ቃል አልወጣም። እጁ ቀረበ። ጥፍሩ የሽታውን ጋቢ ነካ።

"እናቴ ሞታለች!" አለች።

ጭራቁ ደነገጠ፤ ከዋንዛ ቁመት አንሶ በሩን አከለ። "ነይ፣ ራስሽን ልሥራልሽ" አለ በእናቷ ድምፅ። "ነይ፣ ጭንቅላትሽን ጭኔ ላይ አድርጊው።"

 ሽታው ከኋላዋ "ልቀቂኝ! እማዬ ናት!" እያለ በጡጫ ይመታታል።

"እናቴ ሞታለች!" አለች።

ጭራቁ ከበሩ ቁመት አንሶ አንድ ልጅ አከለ። አሁን አልለመናትም። ሳለ ብቻ። እናቷ ታማ በተኛች ጊዜ የምትስለውን፣ ያንኑ ደረቅ ሳል ሳለ።

አይ ልጆቼ! ደብሪቱ ያን ጊዜ በሩን ትታ ልታቅፈው ምንም አልቀራት። እንባዋ ወረደ፤ እስከዚያ ቀን ያልወረደው ሁሉ ወረደ። ዓይኗን ግን ከዓይኑ አልነቀለችም።

"እናቴ" አለች በቀስታ፣ "ሞታለች።"

ድምፁ ከጭራቁ ጉሮሮ ወጣ። አንድ ጊዜ "ደብሪቱ" አለ፣ ቁጣም ልመናም የሌለበት፣ እንዲሁ ስም እንደሚጠራ። ከጉሙ ጋር ወደ ሸለቆው ወረደ፣ ራቀ፣ ጠፋ። ጭራቁ እንደ ባዶ ስልቻ ተልፈሰፈሰና ደጁ ላይ ተዘረገፈ። ከውስጡ ጥጢት እያነከሰች ወጣች። እንኮዬ ጆሮዋን እያራገፈች ወጣች። የቀረውን ቆዳ ጎርፍ ጠራርጎ ወሰደው።

ሽታው ቆሞ የእህቱን ፊት ያያል። "ውሃ ልትቀዳ አልሄደችም?"

"አልሄደችም፣ ወንድሜ። ዋሽቼህ ነው።"

አባታቸው ከገደሉ ሲመለስ አህያዋንና በጓን ደጁ ላይ ቆመው አገኛቸው። ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ሽታው ቀደመው።

"አባባ፣ እማዬ ሞታለች።"

ዱላው ከእጁ ወደቀ። በዚያው በጭቃው ላይ ተቀመጠ። ሁለቱን ልጆች ወደ ደረቱ ሳበና "ይመኙሻል!" ብሎ ጮኸ፣ ከቀብሯ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። "ይመኙሻል! ይመኙሻል!" ሦስቱም በዝናቡ ውስጥ አለቀሱ። ማንም ማንንም ዝም በል አላለም።

ከዚያ ጥጢት ስትንቀጠቀጥ አዩአት። አባት ተነሳ፣ በጓን ታቅፎ ገባ፣ ጭድ አንስቶ ጎንዋን ያሻት ጀመር። ደብሪቱ አህያዋን አደረቀች። ሽታው በትንሽ እጁ ለቦራ ሣር አቀረበ። እያሹ፣ እያደረቁ፣ አባት ይመኙሻል ልጅ ሳለች ያደረገችውን አጫወታቸው፤ በጨዋታው መሀል ድምፁ ሲቆረጥ ጠበቁት፣ ሲጀምር ሰሙት።

እኔ እዚህ ላይ አበቃሁ። ጭራቁን ከጎርፉ ጋር ያስቀርልን፣ እናንተን ከቤታችሁ ከእሳታችሁ ዳር ያቆይልኝ።