እንድታርፍ ብሎ ያላላት ቫዮሊን

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው አንዲት ቫዮሊን መጠበቅ ነበር።

መጠበቅ ስላችሁ መጠበቅ ብቻ ነው። አይጫወታትም፤ መጫወትም አያውቅም። ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ አንድ የድሮ አዳራሽ፣ የመስታወት ሣጥን አለ። ቫዮሊኗ ሣጥኑ ውስጥ ናት፤ የሣጥኑ ቁልፍ ሰውየው አንገት ላይ ነው። ሥራው ይኸው ነው። አትሳቁ! ስንቶቻችን ነን ከዚህ ያነሰ ይዘን "ሥራ በዛብኝ" የምንለው?

ሰውየውን ጋሽ ሽብሩ እንበለው።

ቫዮሊኗ ደግሞ ዝም ብላ ቫዮሊን አይደለችም። ሁለት መቶ ዓመት አልፏታል ይባላል። ሙሴ ካራቤት የሚባል አንድ አርመናዊ ነው በባቡር ይዟት የመጣው። በእሱ ጊዜ ድሬ ላይ የተሞሸረ ሁሉ በእሷ ነው የተሞሸረው። ሀብታሙም ድሃውም፣ መስጊድ የሚሄደውም ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም! ሙሴ ካራቤት ሲሞት "ለከተማው ትሁን" ብሎ ተናዘዘ። ከዚያ ወዲህ ለእንግዳ ከተማውን የሚያስጎበኝ ሰው የሙሴን ቫዮሊን ሳያሳይ አይመልሰውም። ጋሽ ሽብሩ የሚጠብቃት እሷን ነው። አሥራ አንድ ዓመት ጠብቋታል።

ከዚያ በፊት ብስክሌት ጠጋኝ ነበር። ድሬን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ብስክሌት እዚያ እንደ እግር ነው። ሚስቱ ስትሞትበት ግን ልጆቹ ተሰበሰቡና "አባባ፣ በቃህ፣ ደክመሃል። ሱቁን ዝጋና ተቀመጥ" አሉት። ደግ ልጆች ናቸው፤ ክፋት የለባቸውም። ሱቁ ተዘጋ። የእድሩ ሰዎችም "ሐዘን ላይ ነው፣ ይረፍ" ብለው ከዳኝነቱ አነሡት። ውኃ እንኳ ራሱ እንዳይቀዳ ሠራተኛ ቀጠሩለት። የሚሸከመው ነገር በሙሉ ተነሣለት።

ታዲያ ደስ አለው? የት ደስ ይለዋል! በስድስት ወር ውስጥ ጎበጠ። ጠዋት ሲነቃ ለምን እንደሚነሣ ግራ ገባው። ይህን ያዩ የአዳራሹ ኮሚቴዎች ናቸው "ቢያንስ ቁልፍ ይያዝ" ብለው ቫዮሊኗን የሰጡት።

ጋሽ ሽብሩም ወደዳት። አቧራዋን በለስላሳ ጨርቅ ይጠርጋል፤ ፀሐይ እንዳያገኛት መጋረጃ ይጋርዳል፤ ሲጠርጋት ያወራታል። ብቸኛ ሰው ነው፤ ምን ያድርግ?

አንድ ቀን አንድ ጎብኚ መጣና ስለ ቫዮሊን የሚያውቀውን ሲዘረዝር "እነዚህ አራት ክሮች ተወጥረው ሲቆሙ፣ እዚህ ሆዷ ላይ የሚጭኑት ሸክም አንድ የዓመት ልጅ እንደተቀመጠባት ያህል ነው" አለው። ይህችን አለና ሄደ። ጋሽ ሽብሩ ግን ምሳው አልበላ አለው። ሁለት መቶ ዓመት? በዚህች ስስ እንጨት ላይ? ቀንም ሌትም?

ሣጥኑን ከፈተ። መቃኛዎቹን አንድ በአንድ እያዞረ አራቱንም ክሮች አላላቸው። ክሮቹን የሚደግፈው ትንሽ እንጨት ቢወድቅ፣ አንሥቶ ቦታው ላይ ሻጥ አደረገው። ያኔ ውስጧ አንድ ነገር ጠቅ አለ። ሰምቶታል! "እንጨትም ሲያርፍ እንዲህ ይላል" ብሎ አለፈው።

"በይ እፎይ በይ፣ የኔ እናት" አላት። "ማንም አይጭንሽም ከእንግዲህ።"

እሰይ፣ ደግ ሰው አላችሁ አይደል? አዎ፣ ደግ ሰው ነው። እኔም ደግ ነው ነው የምለው። ቆዩ ግን።

ሦስት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን የኮሚቴው ሊቀ መንበር አቶ ቃሲም ጠራው።

"ሽብሩ፣ ስማኝ፣ አትቆጣ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ሙዚየም ቫዮሊኗን ስጡን እያለ ነው። ሰዉም 'እዚህ ማን ይሰማታል? አቧራ ነው የምትጠጣው' ይላል። እኔ ደግሞ እንድትሄድ አልፈልግም። ስለዚህ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰው እንጥራና የሚችል ይጫወታት። ድምፅ ካላት ትቀራለች፤ ማንም አይነካትም። ከሌላት ሰኞ በባቡር ትሄዳለች።"

ጋሽ ሽብሩ አንገቱ ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጠ። እሷ ከሄደች ቁልፉም ይሄዳል። ቁልፉ ከሄደ እሱ ምን ይቀረዋል? ቤት ገብቶ ግድግዳ ማየት። ይህን ያህል ነበር የፈራው።

እሑድ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አቶ ቃሲም ያስጠራት መምህርት ፀዳለ መጣች። የድሬ ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ ቫዮሊን የምታስተምር፣ እናቷና አባቷ በዚያችው ቫዮሊን የተዳሩ። ቫዮሊኗን ከሣጥኑ አወጣቻት። ክሮቹን በቀስታ ወጠረች፣ ቃኘች፣ ደጋኑን ክሮቹ ላይ አሳረፈች።

ወይ ጉድ! ያ ሁሉ ስም፣ ያ ሁሉ ዝና... የወጣው ድምፅ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ነው። ደገመችው። ያው ነው።

ቫዮሊኗን ጆሮዋ ሥር አድርጋ ነቅነቅ አደረገቻት። ውስጧ አንድ ነገር ኮለል አለ።

"ጋሼ፣ ማነው ይህችን የነካት?" አለችው። ድሬ ነው እንግዲህ፤ "አንቱ" ምናምን የለም።

"ማንም!" አለ። "እኔ ቁልፉን ይዤ? አሥራ አንድ ዓመት ዝንብ አላረፈባትም!"

ዋሸ። ለምን ዋሸ? ክፉ ስለሆነ ነው? አይደለም። በፍቅር ያደረግነው ነገር ጉዳት ሆኖ ሲገኝ ከማመን ይልቅ መዋሸት ይቀለናል። እናንተ አታውቁትም እንዴ?

ፀዳለ ደጋኗን ወደ ማኅደሩ መለሰች። "እንግዲያው አርጅታ ውስጧ ተሰብሮ ነው። ሰው ሳይሰበሰብ ለአቶ ቃሲም ብንነግረው ይሻላል" ብላ ወደ በሩ ሄደች። በሩ ጋ ስትደርስ፦

"እኔ ነኝ" አላት ከኋላዋ። "ክሮቹን አላላሁላት። ሸክም በዝቶባታል ቢሉኝ አዘንኩላት። እንድታርፍ ብዬ ነው፣ አንቺ ልጅ። እንድታርፍ ብዬ!"

ፀዳለ ተመለሰች። አልተቆጣችም። የስልኳን መብራት አብርታ በቫዮሊኗ ሆድ ላይ ባለው ጠማማ ቀዳዳ አሳየችው። ውስጥ፣ ከእርሳስ የማትወፍር፣ ከጣት የማትረዝም አንዲት እንጨት ወድቃለች።

"ምሰሶዋ ናት" አለችው። "ከሆዷ እስከ ጀርባዋ ቆማ ድምፁን የምታስተላልፈው እሷ ናት። እሷ ከሌለች ቫዮሊን ሣጥን ነው።"

"ተሰብራ ነው?"

"ወድቃ ነው።"

"ታዲያ በሙጫ እንለጥፋታ!"

"በሙጫ አይደለም የምትቆመው፣ ጋሼ። ሙጫ ነክቷት አያውቅም። የምትቆመው ክሮቹ ከላይ ሲጫኗት ነው። ሸክሙ ነው የሚያቆማት። አንተ ሸክሙን ስታነሣው የሚይዛት ጠፋ።"

ጋሽ ሽብሩ ጎንበስ ብሎ በቀዳዳው ደግሞ አየ። ከዚያ ድንገት "አቦ!" አለ፤ ግንባሩን በመዳፉ መታ። "እንደ ጎማ! እንደ ብስክሌት ጎማ! ሽቦዎቹ ካልተወጠሩ ጎማው ይጣመማል እኮ! አርባ ዓመት ሙሉ በእጄ ስወጥር ኖሬ..."

ምሰሶዋን በዚያች ጠባብ ቀዳዳ አስገብቶ ለማቆም ግን የተጣመመ ቀጭን ብረት ያስፈልጋል። ፀዳለ አልያዘችም፤ ማን ይህን ገምቶ? "የጎማ ሽቦ ይሆናል?" አላት። ይሆናል አለችው። የተዘጋው ሱቁ ሁለት መንገድ አልፎ ነው። ሰውየው በዚያ በድሬ ፀሐይ ሮጠ። አሥራ አንድ ዓመት ያልከፈተውን በር ከፈተ፣ ሽቦ መረጠ፣ መዶሻና ጉጠት አነሣ። ጫፉን ሞርዶ፣ እሷ በወረቀት እንደሳለችለት አድርጎ አጣመመው። እጁ አልረሳም፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልሳተም።

ክሮቹን መልሳ አላልታ፣ ምሰሶዋን አራግፋ ካወጣች በኋላ በሽቦው ጫፍ ወግታ አስገባች። ወደቀች። እንደገና አስገባች። ወደቀች። ስድስት ሰዓት ሆነ። ሰባት ሆነ። በአራተኛው ቆመች፤ ግን ቀና ብላ ብቻ ነው፣ ብትተነፍስባት የምትወድቅ። ፀዳለ መቃኛዎቹን በጥቂት በጥቂቱ ማዞር ጀመረች።

"ቀስ! ትሰበራለች!" አለ ጋሽ ሽብሩ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

"አትሰበርም። ልኳን አውቃለሁ።"

ክሮቹ ጠበቁ። ቫዮሊኗን ነቅነቅ አደረገቻት፤ ኮለል የሚል ነገር የለም። በደጋኑ አንድ ጊዜ ብቻ ሳበችው።

ምን ልበላችሁ? አዳራሹ ሞላ። ያች ሁለት መቶ ዓመት ያለፋት እንጨት ገና ትናንት እንደተሠራች ሆና ጮኸች። ጋሽ ሽብሩ ወንበር ላይ ዘፍ አለና ልክ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ፀዳለ በደስታ መስሏት ነበር። እሱ ግን፦

"ልጆቼም እኔን እንዲህ ነው ያደረጉኝ" አላት። "ወደውኝ ነው። አዝነውልኝ ነው። እኔንም አላሉኝ።"

ፀዳለ አጠገቡ ተቀምጣ እጁን ያዘችው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሕዝቡ መጣ። ቫዮሊኗ ልትሰማ ነው ሲባል የምታውቁት ነው፤ ግማሹ ሊሰማ፣ ግማሹ ሊያማ። ፀዳለ የድሮ የሠርግ ዜማ ጀመረች። ከፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት፣ ከነከዘራቸው ተነሥተው እልል አሉ። ከዚያ ማን ይያዘው! አቶ ቃሲም ተነሥቶ "ሰኞ ባቡሩ ባዶውን ይሂድ!" አለ። ሁሉም አጨበጨበ።

ጭብጨባው ሲያልቅ ጋሽ ሽብሩ እጁን አወጣ። አንገቱ ላይ ያለውን ቁልፍ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። "መስታወቱን አንሡልኝ" አለ። "በየሳምንቱ የሚጫወታት ሰው ፈልጉ። እኔ ደግሞ መቃኘት ልማር፤ ጠዋት ጠዋት እየመጣሁ ላጥብቃት። እስከ ዛሬ ጠባቂ ነበርኩ። ከዛሬ ጀምሮ ሥራ ስጡኝ።"

ወገኖቼ፣ ገና ነው፤ አሜናችሁን ያዙት።

ስንት ጊዜ ነው በዚህች ወር ብቻ "ጌታ ሆይ፣ ይህን ነገር ከላዬ አንሣልኝ" ያላችሁት? አልጋ ላይ የወደቀች እናት አለችባችሁ። ሁልጊዜ የሚያንኳኳ ዘመድ አለባችሁ። ከልጅ ጋር የምትማሩት ትምህርት፣ የማያልቅ የእድር ጣጣ፣ የመዘምራኑ ጭቅጭቅ አለባችሁ። ባይነሣ ታማርራላችሁ። ለመሆኑ ውስጣችሁ ያለችውን ያችን ምሰሶ ቀጥ አድርጎ ያቆማት ያ ሸክም ቢሆንስ? ዕረፍት የሚሰጠው ጌታ ቀንበርም ይሰጣል። ለምን ይመስላችኋል?

አሁን ደግሞ ቃሌን እንዳታጣምሙብኝ! የሚደበድባትን ባል "ሸክሜ ነው" ብላ የምትችል ሴት ካለች፣ እሱን አላልኩም፤ ከልክ በላይ የወጠሩት ክር እንጨቱን ይሰነጥቃል። ልኩን የሚያውቅ እጅ አለ ነው የምላችሁ። የሚያጠብቀው እጅ የማን እንደሆነ እዩ፤ የጌታ ከሆነ አትፍሩ፣ አትሰበሩም።

እኔን ዛሬ ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። እኛ ራሳችን በፍቅር ያላላናቸው ሰዎች አሉ። ልጃችሁ ሃያ ዓመት ሆኖት ልብሱን የምታጥቡለት እናቶች፣ እናንተን ነው። ያችን ባሏ የሞተባትን ሴት "ትረፍ" ብላችሁ ከአገልግሎት ያስወጣችኋት ሽማግሌዎች፣ እናንተንም ነው። ውስጧ ጠቅ ሲል አልሰማችሁም? ሰምታችኋል። ዕረፍት መስሏችሁ አለፋችሁት።

ብዙ አልላችሁም። ከዚህ ስትወጡ ቤታችሁ ሂዱ። "አባባ፣ አንተ ተቀመጥ" ያላችሁት ሰው ጥግ ላይ ተቀምጧል። ገንዘብ አትስጡት፣ ጋቢም አትግዙለት፤ በቅቶታል። አጠገቡ ተቀመጡና "አባባ፣ አንድ ነገር አቅቶኛል፤ ያለ አንተ አይሆንልኝም፣ ተነሥ አግዘኝ" በሉት።

ከዚያ ሲነሣ እዩት። አሜናችሁን ያኔ በሉ።